በውሃ የተሠራ ባይንደር አመራረጥ፦ ከደረቀው ፊልም ጀምሩ

አምስት ዓይነት ባይንደር (ቀለም፣ ኮላ ወይም ሲሚንቶ ውስጥ ገብቶ የሚያያይዝ ፈሳሽ) በአምስት ብርጭቆ ቀድታችሁ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩ። ሁሉም ነጭ ናቸው። ሁሉም ወተት ይመስላሉ። ጣታችሁን ብትነክሩ ሁሉም ያጣብቃሉ። ግን አንዱ እንጨት ከእንጨት ጋር አጥብቆ ይይዝና ዝናብ ሲነካው ይለቃል። ሌላው ፀሐይ ላይ ዓመታት ቢቆይ አይነቃነቅም። አንዱ ሲሚንቶ ውስጥ ገብቶ ሲሚንቶውን ያጠነክራል፤ ጎረቤቱን ደግሞ ያው ሲሚንቶ ይበላዋል። ዓይን ይህን አይለይም።

ችግሩ የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው ባይንደር ሲገዛ የሚያየው በርሜሉን ነው። ይወፍራል? ይነጣል? ስንት ነው? እነዚህ ሁሉ ስለ ፈሳሹ የሚጠየቁ ናቸው። ባይንደሩ ግን ሥራ የሚጀምረው ውሃው ተኖ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ የእኔ የመጀመሪያ ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ ፊልሙ፣ ማለትም ባይንደሩ የሚሠራው ስስ ሽፋን፣ ከደረቀ በኋላ ጠላቱ ማነው? ውሃ ነው? ሲሚንቶ ነው? ፀሐይ ነው? የግድግዳ ስንጥቅ ነው? ወይስ ቀን ከሌት የሚጫነው ክብደት? ጠላቱ ከታወቀ የምርጫው ግማሽ አለቀ።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። አዲስ በሲሚንቶ የተለሰነ የውጭ ግድግዳ ነበር። «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ የተሸጠልንን ባይንደር ለቀለሙ ተጠቀምን። ሲቀባ ያምር ነበር። አንድ የዝናብ ወቅት አለፈ። ከዚያ መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳርፌ ሳነሳ ነጭ ዱቄት ይዞ መጣ። በጥፍሬ ስጭረው ሽፋኑ እንደ እርጥብ ወረቀት ተላጠ። ባይንደሩ በራሱ መጥፎ አልነበረም። ለእንጨት ቢሆን ጥሩ ኮላ ነበር። ያለ ቦታው ነው የገባው። ምክንያቱን ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ወተቱ ውስጥ ምን አለ?

ኢመልሽን ባይንደር ማለት ውሃ ውስጥ የተበተኑ በጣም ደቃቅ የፕላስቲክ ቅንጣቶች ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ስፋታቸው ከ100 እስከ 300 ናኖሜትር ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 80,000 ናኖሜትር ይጠጋል። ስለዚህ በአንዲት ፀጉር ውፍረት ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ቅንጣቶች ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። ነጭ የሚመስለው ቅንጣቶቹ ብርሃን ስለሚበትኑ ነው። ብርጭቆውን ዘንበል አድርጋችሁ ጎኑ ላይ የቀረውን ስስ ሽፋን ወደ ብርሃን ይዛችሁ እዩት። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥላ ካለው ቅንጣቱ ደቃቅ ነው።

ቅንጣቶቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ የሚጠብቃቸው ነገር አለ። አንዳንዱ ላይ እንደ ሳሙና ያለ ሰርፋክታንት ነው። አንዳንዱ ላይ ፖሊቪኒል አልኮል ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ባይንደርን ከባይንደር መደባለቅ ጋ ስንደርስ ያስፈልገናል።

ስለ ውፍረት አንድ ነገር ልበል። በቲነር በሚሟሟ ሬዚን ዘንድ የሞለኪውሉ ሰንሰለት በረዘመ ቁጥር ፈሳሹ ይወፍራል። ኢመልሽን ላይ ግን ሰንሰለቱ ተጠቅልሎ ቅንጣቱ ውስጥ ስላለ ውሃው አያውቀውም። ቀጭን የሆነ ኢመልሽን በጣም ረጅምና ጠንካራ ሰንሰለት ሊይዝ ይችላል። ወፍራሙ ደግሞ ትንሽ ማወፈሪያ ጠብ ተደርጎበት ይሆናል። «ወፍራም ስለሆነ ይሻላል» የሚለው አነጋገር መሠረት የለውም።

አሁን አንድ ጠብታ መስታወት ላይ በስሱ ቀቡና ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱት። መጀመሪያ የሚለወጠው ጠርዙ ነው። ነጭነቱ ይጠፋና ይጠራል። የጠራው መስመር ቀስ እያለ ወደ መሃል ይገፋል። በመጨረሻ መሃል ላይ ትንሽ ነጭ ደሴት ይቀራል፤ እሱም ይጠፋል። በዚያች አጭር ጊዜ ብዙ ነገር ሆኗል። ውሃው ሲቀንስ ቅንጣቶቹ ተጠጋግተው ታጨቁ። በመካከላቸው የቀረው ውሃ እየሳበ ክብነታቸውን አጠፋው። ከዚያ የአንዱ ሰንሰለት ወደ ሌላው ዘልቆ ተሳሰረ። ይህ የመጨረሻው ክፍል ጊዜ ይፈልጋል። ፊልሙ በእጅ ሲነካ ደርቆም ጥንካሬው ለቀናት ይጨምራል። ዛሬ የተቀባን ነገ በውሃ መፈተን የማይገባው ለዚህ ነው።

ቅንጣቶቹ ቅርጻቸውን ለቀው የሚዋሃዱት ግን ሙቀቱ ከበቃቸው ብቻ ነው። እያንዳንዱ ባይንደር ከዚያ በታች ፊልም የማይሠራበት ዝቅተኛ ሙቀት አለው። በዚያ ብርድ ላይ ብትቀቡት ጠርዙ አይጠራም። ነጭ እንደሆነ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ስትነኩት እንደ ደረቀ ጭቃ ይፈረካከሳል። ጥሩ ባይንደር በብርድ ማለዳ ተቀብቶ እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ። ዕቃው ሲወቀስ ዋለ፤ ጥፋቱ የቴርሞሜትሩን ቁጥር ያላየው ነበር።

ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄደው ቲጂ የሚባለው ቁጥር ነው። ፖሊመሩ (ረጅሙ የሞለኪውል ሰንሰለት) ከመስታወት መሰል ድርቀት ወደ ጎማነት የሚዞርበት ሙቀት ማለት ነው። ባይንደር ከሚሠራባቸው ጥሬ ዕቃዎች መካከል የሜቲል ሜታክሪሌት ፖሊመር ቲጂው 105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ ድርቅ ያለ ነው። የስታይሪን 100 ገደማ። የቡቲል አክሪሌት ደግሞ ከዜሮ በታች 54 አካባቢ ነው፤ የሚለጠጥ፣ የሚጣበቅ። ሜቲል ሜታክሪሌትና ቡቲል አክሪሌት ግማሽ በግማሽ በክብደት አብረው ሲሠሩ ቲጂው 5 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። የፋብሪካው ጥበብ አንዱ ይህ ነው፦ ደረቁን ከለስላሳው ማመጣጠን።

ሚዛኑ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ያስከፍላል። ለስላሳ ባይንደር በብርድ ይደርቃል፣ ስንጥቅ ሲከፈት አብሮ ይለጠጣል፤ ግን ለንኪ ይጣበቃል፣ አቧራ ይሰበስባል። ድርቅ ያለው ንጹህ ሆኖ ይቆያል፣ አይጣበቅም፤ ግን ፊልም እንዲሠራ ኮአለሰንት የሚባል ማለስለሻ ይጨመርበታል። ያ ማለስለሻ በኋላ ተኖ ወደ አየር ይሄዳል። «ሽታ የሌለው ቀለም» የሚፈልግ ሰው እዚህ ላይ መምረጥ አለበት።

ፒቪኤ፦ ለእንጨትና ለወረቀት ንጉሥ፣ ለውጭ ግድግዳ አይሆንም

ፖሊቪኒል አሴቴትን፣ በአጭሩ ፒቪኤን፣ ፍሪትዝ ክላቴ በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1912 አግኝቶታል። ዛሬም በዓለም ላይ የነጭ ኮላ መሠረቱ እሱ ነው። እንጨት ላይ ሲቀባ እንጨቱ ውሃውን ይጠጣል፣ ቅንጣቶቹ ቀዳዳው ውስጥ ገብተው ይቆልፋሉ። በደንብ ተጠብቆ የታሰረ መገጣጠሚያ ሲሰበር ብዙ ጊዜ የሚለቀው ኮላው ሳይሆን እንጨቱ ነው። ለካርቶን፣ ለመጽሐፍ ጥረዛ፣ ለወረቀት ቱቦ ከዚህ የሚቀል የለም።

ድክመቶቹ ደግሞ ግልጽ ናቸው። ውሃ ያለሰልሰዋል። ሙቀት ያለሰልሰዋል። ለወራት ሳያቋርጥ ክብደት ሲጫነው ቀስ እያለ ይሸሻል። ስለዚህ ሸክም የሚችል ምሰሶ በፒቪኤ ብቻ አይያዝም።

ከሁሉ የከፋው ጠላቱ ግን አልካሊ ነው። የቪኒል አሴቴት ሰንሰለት ጎን ለጎን የተንጠለጠሉ ኤስተር የሚባሉ ቅርንጫፎች አሉት። አዲስ ሲሚንቶ ፒኤቹ (የአሲድና የአልካሊ መለኪያው፤ ከ7 በላይ አልካሊ ነው) ከ12 በላይ ነው። እርጥበት ካገኘ እነዚያን ቅርንጫፎች ይቆርጣቸዋል። የሚቀረው ፖሊቪኒል አልኮል ነው። እሱ ደግሞ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። የዚያ ግድግዳዬ ታሪክ በአጭሩ ይኸው ነው። ልስኑ አዲስ ነበር፣ እርጥበት ነበረው፣ ባይንደሩን ከሥር ቆራረጠው፣ ዝናቡ አጠበው። ዱቄቱ ብቻ ቀረ።

ለእንጨት ሥራ ኮላ ስትመርጡ ኢኤን 204 የተባለው የአውሮፓ መለኪያ ይረዳችኋል። ኮላዎችን ከዲ1 እስከ ዲ4 ይከፍላቸዋል። ዲ1 ለደረቅ ቤት ውስጥ ነው። ዲ2 አልፎ አልፎ እርጥበት ለሚያገኘው ነው። ዲ3 ለአጭር ጊዜ ግን ደጋግሞ ውሃ ለሚነካው ነው፤ የወጥ ቤትና የመታጠቢያ ዕቃ እዚህ ይገባል። ዲ4 ቤት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ደጋግሞ ውሃ ለሚፈስበት፣ ወይም ውጭ ሆኖ በደንብ ቀለም ለተቀባ ነው። ዲ3 የሚባለው ፒቪኤ ብዙ ጊዜ ሰንሰለቶቹን የሚያስተሳስር ተጨማሪ ነገር አለው። በርሜሉ ላይ «ውሃ የማያስገባ» ብቻ ተጽፎ ደረጃው ካልተጠቀሰ፣ ደረጃውን ጠይቁ።

ቪኤኢ፦ ለስላሳነቱ ከውስጡ የሆነ

ፒቪኤ ብቻውን ግትር ስለሆነ ድሮ በላዩ ላይ ማለስለሻ ዘይት ይጨመርበት ነበር። ዘይቱ ግን ከጊዜ በኋላ ከፊልሙ እየወጣ ይሄዳል፣ ፊልሙ ይደርቅና ይሰበራል። የተሻለው መፍትሔ ኢትሊን ጋዝን በግፊት ከቪኒል አሴቴት ጋር አብሮ ማስተሳሰር ሆነ። ኢትሊኑ የሰንሰለቱ አካል ነው፤ የትም አይሄድም። ቪኒል አሴቴት ኢትሊን፣ በአጭሩ ቪኤኢ የሚባለው ይህ ነው።

እኔ ለቤት ውስጥ ቀለም ሽታ የሚያስጨንቀው ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የማነሳው ቪኤኢን ነው። ያለ ማለስለሻ በዝቅተኛ ሙቀት ፊልም ይሠራል። ለማሸጊያ ማጣበቂያ፣ ላልተሸመነ ጨርቅ፣ ለወለል ንጣፍ ማጣበቂያም ይሆናል። ኢትሊኑ ስላለ አልካሊን ከተራው ፒቪኤ በተሻለ ይቋቋማል።

የዚህ ቤተሰብ ትልቁ ስጦታ ግን ዱቄቱ ነው። ቫከር የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ኢመልሽንን አድርቆ፣ ውሃ ሲነካው ተመልሶ ኢመልሽን የሚሆን ዱቄት አወጣ። ዛሬ በከረጢት የሚሸጠው የሴራሚክ ማጣበቂያ ውስጥ ያለው እሱ ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ከጠቅላላው ደረቅ ቅልቅል ውስጥ ጥቂት በመቶ ብቻ። ግን ውሃ የማይጠጣ ለስላሳ ሴራሚክ ሲሚንቶ ብቻውን አይዘውም፤ ይህች ጥቂት በመቶ ናት የምትይዘው። ከረጢቱ ውስጥ ተመዝኖ ስለሚገባ ሠራተኛው መጠን አይሳሳትም። በረዶ አያበላሸውም። ባዶ በርሜልም አይተርፍም።

ለማያቋርጥ ውሃና ለጠንካራ ፀሐይ ግን ከቪኤኢ ይልቅ ወደ አክሪሊኮቹ እሄዳለሁ።

ስታይሪን አክሪሊክ ወይስ ንጹህ አክሪሊክ?

ብዙ የምጠየቀው ይህን ነው። ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ንጹህ አክሪሊክ ከአክሪሌትና ከሜታክሪሌት ብቻ ይሠራል። ለቤት ቀለም የሚሆነውን የመጀመሪያ ሙሉ አክሪሊክ ኢመልሽን ሮም ኤንድ ሃስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1953 ለገበያ አቀረበ። ንጹህ አክሪሊክ የፀሐይን አልትራቫዮሌት ጨረር ያሳልፈዋል እንጂ አይውጠውም። ያልዋጠው ጨረር አይጎዳውም። ለዚህ ነው ውጭ ላይ ዓመታት ሲያልፉ የማይበልዘው፣ ቶሎ ወደ ዱቄትነት የማይለወጠው።

ስታይሪን አክሪሊክ ውስጥ የሜታክሪሌቱ ቦታ በስታይሪን ተይዟል። ስታይሪን ርካሽ ነው፣ ድርቅ ያለ ነው፣ ውሃን ይጠላል። ስለዚህ ፊልሙ ውሃ የመቋቋም አቅሙ ጥሩ ነው። አልካሊም አይነካውም፤ ለሲሚንቶ የሚሆን ባይንደር ያደረገው ይህ ነው። ነገር ግን ስታይሪኑ የቤንዚን ቀለበት (ክብ ሆነው የተያያዙ ስድስት ካርቦኖች፤ ከመኪና ነዳጁ ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚገጥመው) አለው። ያ ቀለበት አልትራቫዮሌትን ይውጣል። የዋጠው ጉልበት ሰንሰለቱን ይሰብራል፤ ፊልሙ ቢጫ ይሆናል፣ ገጹ እየተፈጨ ዱቄት ይሆናል።

ታዲያ ስታይሪን አክሪሊክ ውጭ አይሆንም ማለት ነው? አይደለም። ባይንደሩ በምን እንደተሸፈነ ይወሰናል። ብዙ ነጭ ፒግመንት (የቀለም ዱቄት) እና ማዕድን ያለበት ወፍራም የግድግዳ ሽፋን ከሆነ ጨረሩ ጠልቆ አይገባም። ጠጠር መሰል ገጽ ያላቸው የውጭ ሽፋኖች በብዛት በእሱ ይሠራሉ፤ ይኖራሉም። ለግልጽ ቫርኒሽ ግን፣ ወይም ለደማቅ ቀለምና ለሚያበራ የውጭ ቀለም፣ ስታይሪኑን አልደፍረውም። እዚያ ፀሐይ የምታየው ባይንደሩን ነው።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ለቤት ውስጥ፣ ለፕራይመር (ከቀለሙ በፊት ለሚቀባው የሥር ቅብ)፣ ለሲሚንቶ ሥር ሥራ፣ በሲሚንቶ ዱቄት ተቀላቅሎ ለሚቀባ ውሃ መከላከያ፦ ስታይሪን አክሪሊክ። በተጨማሪ ገንዘብ ንጹህ አክሪሊክ መግዛት እዚህ ብዙ ትርፍ የለውም። ፀሐይ በቀጥታ የሚመታው የላይኛው ሽፋን፣ የጣሪያ ላስቲክ ሽፋን፣ ግልጽ የእንጨት ሽፋን ከሆነ፦ ንጹህ አክሪሊክ። እዚህ መቆጠብ ሁለት ጊዜ መቀባት ነው።

ለጣሪያ አንድ ማስጠንቀቂያ። የሚለጠጥ አክሪሊክ ቲጂው ከዜሮ በታች ስለሆነ ስንጥቅን ተሸክሞ ያልፋል። ውሃ ለቀናት የሚተኛበት ጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ ግን ያብጣል፣ መጣበቁ ይደክማል። መጀመሪያ ውሃው የሚወርድበትን ተዳፋት አስተካክሉ፤ ከዚያ ቀቡ።

አክሪሊክ ከግድግዳ ውጭም ብዙ ሥራ አለው። በጣም ለስላሳው፣ ቲጂው ከዜሮ በታች 40 አካባቢ የሆነው፣ ሁሌም እንደተጣበቀ የሚኖር ስለሆነ ለሌብልና ለፕላስተር ቴፕ ይሆናል። ጨርቅ ላይ በፒግመንት ለሚታተም ንድፍ ደግሞ ራሱን የሚያስተሳስር ለስላሳ አክሪሊክ ይመረጣል። እሱ ታትሞ በ150 ዲግሪ አካባቢ ለጥቂት ደቂቃ ካልተጋገረ በእጥበት ይለቃል። ይህን የሚጋግር መሣሪያ የሌለው ሰው ያንን ባይንደር ቢገዛ ትርፉ ድካም ነው። የሕፃናት ልብስ ከሆነ ደግሞ ማስተሳሰሪያው ፎርማልዲሃይድ የማይለቅ መሆኑን በጽሑፍ አስረጋግጡ።

ኤስቢአርና የቀሩት

ስታይሪንና ቡታዳይን አንድ ላይ ሆነው የሚሠሩት ላቴክስ፣ በአጭሩ ኤስቢአር፣ ከሰው ሠራሽ ጎማ የወጣ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ግሊደን የተባለው ኩባንያ በአሜሪካ ለገበያ ያወጣው የመጀመሪያው ታዋቂ የላቴክስ ቀለም የተሠራው በእሱ ነበር። ዛሬ ለቀለም ብዙም አይፈለግም። ቡታዳይኑ በሰንሰለቱ ውስጥ የሚተወው ድርብ ትስስር ከኦክስጅንና ከፀሐይ ጋር ይዋጋል፤ ፊልሙ ይበልዛል፣ ይደርቃል።

ከፀሐይ የተደበቀ ሥራ ላይ ግን ተወዳዳሪ የለውም። የምንጣፍ ጀርባ ላይ የደረቅ ክብደቱን አራት አምስት እጥፍ ካልሲየም ካርቦኔት ተሸክሞ ክሩን ይይዛል። የሚያብለጨልጭ የመጽሔት ወረቀት ላይ ማዕድኑን ከወረቀቱ ጋር ያያይዛል። ሞርታር (የሲሚንቶና የአሸዋ ቅልቅል) ውስጥ ደግሞ፣ ደረቁ ባይንደር ከሲሚንቶው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ሲሆን፣ አሮጌ ኮንክሪት ላይ አዲሱን ያስይዛል፣ ውሃ መሳቡን ይቀንሳል። አረፋ ማጥፊያ እንዳለበት ግን ጠይቁ። ከሌለበት ሲቀላቀል አየር ይጠጣል፣ ሞርታሩ ስፖንጅ ይሆናል።

ፖሊዩሬቴን ዲስፐርሽን (ውሃ ውስጥ የተበተነ ፖሊዩሬቴን) ለመፋቅና ለመርገጥ ነው፦ ለእንጨት ወለል፣ ለቆዳ፣ ለሚታጠፍ ጨርቅ። ውድ ነው፣ ደረቁም (ውሃው ተኖ ሲያልቅ የሚቀረው) ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 40 በመቶ ብቻ ነው። ለተራ ግድግዳ ማዋል ብክነት ነው። የሬንጅ ኢመልሽን ደግሞ የመንገድ ሥራ ዕቃ ነው። አብዛኛው አዎንታዊ ቻርጅ ያለው ሲሆን ጠጠሩን ሲነካ ተሰብሮ ውሃውን ይለቃል። ቡናማ ሆኖ ይፈስና ሲሰበር ይጠቁራል፤ ሠራተኛው ጠጠሩን መቼ እንደሚያለብስ የሚያውቀው በዚያ ለውጥ ነው።

ዋጋውን በደረቁ አስሉ

በርሜሉ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ስለዚህ የበርሜል ዋጋ ማነጻጸር የውሃ ዋጋ ማነጻጸር ነው። ኪሎው 100 የሆነና 50 በመቶ ደረቅ ያለው ባይንደር አለ እንበል። ሌላው ኪሎው 90፣ ደረቁ 42 በመቶ ነው። ሁለተኛው የሚቀል ይመስላል። ዋጋውን ለደረቁ አካፍሉት፦ የመጀመሪያው ደረቅ ኪሎ 200፣ የሁለተኛው ወደ 214 ይመጣል። ርካሽ የመሰለው ነው ውዱ።

ደረቁን ራሳችሁ መለካት ትችላላችሁ። በአልሙኒየም ሳህን ላይ 2 ግራም ያህል መዝኑ፣ በ105 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት አድርቁ፣ መልሳችሁ መዝኑ። 0.84 ግራም ከቀረ ደረቁ 42 በመቶ ነው። ይህን ሚዛን ያየ ሻጭ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ በርሜሉ ሲናገር ይጠነቀቃል።

ሌላው ስሌት መጠን ነው። ምርጥ ባይንደር ትንሽ ቢጨመር ዋጋ የለውም። ቀለም ውስጥ እያንዳንዱ የማዕድን ቅንጣት በባይንደር መሸፈን፣ በመካከላቸውም ያለው ክፍተት መሞላት አለበት። ቀለም ሠሪዎች የማዕድኑን ድርሻ በይዘት ለክተው ፒቪሲ ይሉታል (ከፕላስቲክ ቧንቧው ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚገጥመው)። ድርሻው ከአንድ ወሰን ካለፈ ባይንደሩ አይዳረስም፤ ፊልሙ ቀዳዳ ይሆናል፣ ይላጣል፣ ቆሻሻ ይጠጣል። ንጹህ አክሪሊክ ገዝቶ በግማሽ መጠን ከመጠቀም፣ ስታይሪን አክሪሊክን በበቂ መጠን መጠቀም ይሻላል። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ከመግዛታችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ

ናሙና ውሰዱ። መስታወትና ጥቁር ካርቶን ላይ በስሱ ቀቡ። ሲደርቅ ቅንጣት የሚመስል ሻካራ ነገር ካያችሁ ኢመልሽኑ ውስጥ የረጋ አለ ማለት ነው። ከሳምንት በኋላ አንድ ጠብታ ውሃ አሳርፉበትና ሰዓት ያዙ። በደቂቃዎች ውስጥ ነጣ? በጥፍር ሲጫር ተላጠ? ወይስ ከሰዓታት በኋላም እንደጠራ ነው? ውሃው ደርቆ ፊልሙ ተመልሶ ከጠራና ከያዘ ለቤት ውስጥ ይሆናል። ለውጭ ግን መጀመሪያውኑ ባይነጣ ይመረጣል።

ከሲሚንቶ ጋር የሚሠራ ከሆነ ፊልሙን ከመስታወቱ ላይ አንሱና በኖራ ውሃ ውስጥ ለሳምንት ንከሩት። አንዱን ቁራጭ ደግሞ በተራ ውሃ። ከዚያ አድርቃችሁ ሁለቱን ሳቡ። በኖራው ውስጥ የቆየው ተቦጭቆ ከወጣ ወይም ከሟሟ ያ ባይንደር ለእናንተ አይደለም። እኔ ይህን ያኔ ባውቅ ኖሮ ያ ግድግዳ ባልተላጠ። ከተቀባ በኋላ መመርመር ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ፈሳሹን ራሱን ከሲሚንቶ ጋር በትንሽ ጽዋ ቀላቅሉት። በደቂቃዎች ውስጥ እንደ ረጋ ወተት ከተቋጠረ፣ ፊልሙ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን ለዚያ ሥራ አልተሠራም።

የማይዋደዱትና የማከማቻው ነገር

ሁለት ጥሩ ባይንደር ሲደባለቅ የግድ ጥሩ አይወጣም። አክሪሊኮች አብዛኛውን ጊዜ ፒኤቻቸው ከ8 እስከ 9 ነው፣ ፒቪኤ ደግሞ ከ4 እስከ 6። በተጨማሪም አሉታዊ ቻርጅ ያለውን ከአዎንታዊው ጋር ማገናኘት እሳትና ጭድ ነው፤ ወዲያው ይረጋሉ። በፖሊቪኒል አልኮል የተጠበቀ ፒቪኤ ቦራክስ ሲነካው ጎማ ይሆናል። ስለዚህ የተረፈን ወደ አዲስ በርሜል ከመገልበጣችሁ በፊት ሁልጊዜ በብርጭቆ ሞክሩና እስከ ማግሥቱ ጠብቁ።

በርሜሉን ከ5 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ቦታ፣ ጥላ ውስጥ፣ ክዳኑን ገጥማችሁ አኑሩት። በረዶ ከሠራ ቅንጣቶቹ ተጨፍልቀው ይጣበቃሉ፤ ብዙው ዓይነት ሲቀልጥ ወደ ቦታው አይመለስም። ያልተለበጠ ብረት ዕቃ ውስጥ አትገልብጡት፤ ይዝጋል፣ ባይንደሩንም ያበላሻል። በኃይል የሚፈጭ ፓምፕም አይስማማውም።

ክዳኑ ሲከፈት የበሰበሰ ነገር ከሸተተ፣ ወይም በርሜሉ ካበጠ፣ ባክቴሪያ ገብቷል። ብዙ ጊዜ መነሻው በርሜሉን ያቀጠኑበት ንጹህ ያልሆነ ውሃ ነው። ከፋብሪካ የገባው መከላከያ ለተዘጋ በርሜል ተመዝኖ የገባ ነው፤ ውሃ ሲጨመርበት ይሳሳል።

የመጨረሻው ልማዴ ይህ ነው። ከገባው እያንዳንዱ የምርት ቁጥር ግማሽ ሊትር በፕላስቲክ ጠርሙስ እቀዳለሁ። ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ የለካሁትን ደረቅ መጠን እጽፍበታለሁ። ጎኑ ላይ ከዚያው ባይንደር የተቀባች ትንሽ መስታወት በቴፕ እለጥፋለሁ። ከስድስት ወር በኋላ አንድ ሰው «ቀለሙ ተላጠ» ብሎ ሲመጣ፣ ጠርሙሱን ከመደርደሪያው አወርድና መስታወቷ ላይ ውሃ አንጠበጥባለሁ።